ከመዶሻና ከወናፍ የወጣ ስም

የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ሳይደክምበት የሚያገኘው የመጀመሪያ ሀብት ስሙ ነው። በእኛ አገር ልጅ ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን፣ ከዚያም የአያቱን ስም ይጠራል፤ ትውልድ ባለፈ ቁጥር የኋለኛው እየቀረ አዲሱ ይተካል። በእንግሊዝ አገር ግን አንድ ስም ለብዙ መቶ ዓመታት ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። በዛሬው አምዳችን የምንመለከተው ከእነዚህ ስሞች በብዛት አንደኛ የሆነውን ስሚዝን ነው።

ስሚዝ በጥንቱ እንግሊዝኛ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ታዲያ የአንድ ባለ እጅ የሥራ መጠሪያ የሚሊዮኖች ስም ለመሆን የበቃው እንዴት ነው?

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ሕዝቡ የገዢዎቹን ስም ለልጆቹ ማውጣት ጀመረ። ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድና ጆን የተባሉ ስሞች መንደሩን ሁሉ ሞሉት። በአንድ መንደር ብዙ ጆን ሲገኝ ግብር ሰብሳቢውም ዳኛውም ተቸገሩ። ስለዚህ አንዱ በሙያው፣ ሌላው በአባቱ፣ ሌላው በሚኖርበት ስፍራ፣ ሌላውም በመልኩ ተለይቶ ይጻፍ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው ቤከር፣ ልብስ ሰፊው ቴይለር፣ የጆን ልጅ ጆንሰን፣ ኮረብታው አጠገብ የሚኖረው ሂል ተባለ። የጦር ሜዳ ሙያም አልቀረም፤ ቀስተኛው አርቸር፣ ፍላጻ ሠሪው ፍሌቸር ተብሏል።

ገበሬ በሞላበት መንደር አንዱን ሰው ገበሬ ብሎ መለየት አይቻልም። ብረት ቀጥቃጩ ግን በየመንደሩ የሚገኝ፣ ቁጥሩም አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነበር። ማረሻ፣ የፈረስ ጫማና የጦር ጫፍ የሚወጣው ከእርሱ እጅ ስለ ነበር የማያውቀው ሰው አልነበረም። የስሙ መብዛት ምክንያቱ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1377 እስከ 1381 ሦስት ጊዜ የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር የብዙ ተራ ሰዎችን ስም በመዝገብ አሰፈረ። ይኸው ግብር በ1381 ታላቅ የገበሬዎች ዓመፅ አስነሣ። የዓመፁ መሪ ዋት ታይለርም ስሙ የሙያ ስም ነበር፤ ታይለር የጣሪያ ሸክላ ሠሪ ማለት ነውና። ከንጉሡ ጋር ለመነጋገር ቀርቦ ሳለ በንጉሡ ሰዎች እጅ ተገደለ። ከዚያ ዘመን ወዲህ ስሙ በውርስ ጸና፤ የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ዳቦ ጋጋሪም ቢሆን ስሚዝ ተብሎ ቀረ። ሚስትም በልማዳቸው በባልዋ የቤተሰብ ስም ትጠራለች። በእኛ አገር እኅቶቻችን ካገቡም በኋላ በአባታቸው ስም መጠራታቸው ከዚህ የተለየ ወግ ነው።

ይህ ክብር የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ሽሚት፣ የሩስያው ኩዝኔትሶቭ፣ የሀንጋሪው ኮቫች፣ የዐረቡ ሐዳድ ሁሉም ያው ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ቈጠራ ከ2.4 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ስሚዝ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት የማቀቁ ጥቁሮች ናቸው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1965 በሮዴሽያ የጥቂት ነጮችን አገዛዝ ለማጽናት ነጻነት ዐወጅሁ ያለው ኢያን ስሚዝም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ስም ይወረሳል፤ ምግባር ግን የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነው።

በአገራችን ማረሻውንና ጦሩን የሚሠራው ሰው ምን ስም ተሰጠው? ጠይብ፣ ቡዳ ተባለ። በሠራው ማረሻ የታረሰውን እህል የሚበላው ሁሉ እርሱን ይሸሸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ሆኖም ከአፍ የወጣ ልማድ በዐዋጅ ብቻ አይነቀልም።

እናንት እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ በሰፈር ጨዋታ ላይ አንዱን ጓደኛቸውን «የቀጥቃጭ ልጅ» ብለው ሲሰድቡ ብትሰሙ በዝምታ አትለፉ። ሌላው ዓለም ይህን መጠሪያ እንደ ርስት ከልጅ ልጅ ሲያወርሰው መኖሩን ንገሩዋቸው። የተሰበረውን ጠመንጃ አቃንቶ ለወታደሩ የሚመልሰው የመሣሪያ ጠጋኝም የዚያው ሙያ ወራሽ መሆኑን አስረዱዋቸው። እጁ ጥቀርሻ ቢለብስም ስሙ ንጹሕ ነው።