ሰማይን የምትለካ ትንሽ መብራት



በቅርቡ በአንድ መርካዝ ክሊታ አንድ አባት ምክር ጠየቁኝ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ «የአየሩን ጥራት የሚለካ መሣሪያ ልሠራ ነው፤ ዕቃ ግዛልኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም፣ «ሰማይ ለማየት ዓይን አይበቃም?» ብለው ተቆጡት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ስለ ትምህርቱ ማውራት ተወ። «ልጄ፣ ቋንቋውን አታውቅም ተባልኩ፤ አሁን ደግሞ ሰማዩንም አታውቅም ልባል ነው?» አሉኝ።

በመጀመሪያ ዕቃው ውድ አይደለም። በሬዲዮ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆና የምትበራዋ፣ በዕብራይስጥ «ሌድ» የምትባለው ትንሽ መብራት ናት። ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ታበራለች፤ ብርሃን ሲያርፍባት ደግሞ በተራዋ ጥቂት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። የምትቀበለውም የተወሰነ የብርሃን ቀለም ብቻ ስለሆነ ውድ ማጣሪያ መስተዋት አያስፈልግም። በዚህ ዘዴ የፀሐይ ብርሃን መለኪያ የሠራው አሜሪካዊው ፎረስት ሚምስ የሳይንስ ዲግሪ የለውም። ሆኖም በ1992 በፈረንጅ አቆጣጠር ሥራው በሳይንቲስቶች መጽሔት ላይ ታትሞለታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሌዷ በጠባብ ጥቁር ቱቦ ጫፍ ትገባለች፤ ሁለቱ እግሮቿ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ከሚይዙት መለኪያ፣ ከ«ራቭ ሞዴድ» ጋር ይገናኛሉ። መለኪያውን ከትምህርት ቤት መዋስ ይቻል እንደሆነ መምህሩን ጠይቁ። እኩለ ቀን ላይ ቱቦው ወደ ፀሐይ ይዞራል። ልጁ ፀሐይን በዓይኑ ፈጽሞ አይመልከት! የቱቦው ጥላ በጣም ሲያጥር አቅጣጫው ተስተካክሏል ማለት ነው። አየሩ ጥርት ሲል ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ አቧራ ወይም ስስ ደመና ሲኖር ዝቅ ይላል።

ነገር ግን መሣሪያው ብርሃኑ መቀነሱን እንጂ ምን እንደቀነሰው አይናገርም። ደመና ነው ወይስ የሻራቭ አቧራ? ይህን ለመለየት ሰማዩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ የሰማዩ ሁኔታ በየቀኑ መጻፍ አለበት።

ለእኚያ አባት ይህንኑ ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ደመና አይተው ያረሱ፣ ዝናብ ያዘለውን ከባዶው የሚለዩ ሰው ናቸው። አሁን እሳቸው ያዩትን በአማርኛ ይናገራሉ፤ ልጁ በዕብራይስጥ ይጽፋል። በዚያ ደብተር ላይ የሁለቱም ሥራ አለበት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የማታውቁትን ነገር ይዞ ሲመጣ «አያስፈልግም» ከማለታችሁ በፊት፣ «እስቲ አሳየኝ» በሉት።

ሰላም ሁኑ።