ለፓርኪንግ ቲኬት መልስ ስጡ



ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። መኪና የሌላችሁ እለፉት። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መኪና የምታቆሙ ግን፣ በተለይ ታክሲ፣ ኡበርና የምግብ ደሊቨሪ የምትሠሩ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል፤ ይሁን።

አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። ይህችን ተረት ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣ ይዘናት መጥተናል። ኤርፖርት ላይም ማንም አልያዘብንም። ይኸው ዛሬ የመኪናችን የዝናብ መጥረጊያ ሥር አንዲት ወረቀት ተሰክታ ስናገኝ ንጉሡ ራሱ የፈረደብን ይመስለናል።

በውስጥ መስመር የቲኬት ፎቶ እያነሳችሁ ትልኩልኛላችሁ። ከምትጽፉልኝ ነገር ሁለት ዓይነት ሰው እንዳለ ተረድቻለሁ።

አንደኛው ከፋዩ ነው። ምልክቱ ወድቆ መሬት ላይ ተኝቶም ይሁን፣ ሚተሩ ተበላሽቶ ገንዘብ አልቀበልም ብሎም ይሁን፣ ወረቀቷን እንዳየ ካርዱን አውጥቶ ይከፍላል። «ከመንግሥት ጋር ምን አጨቃጨቀኝ፤ ሰላሜን ልግዛ» ይላል።

ሁለተኛው ደባቂው ነው። ቲኬቷን አጥፎ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይከታታል። እዚያ ከድሮዎቹ ቲኬቶች ጋር ማኅበር ትጠጣለች። «ምን ያመጣሉ?» ይላል በድፍረት። ከአራት ወር በኋላ ሌሊት ለሥራ ሲነሳ ጎማው ላይ ቢጫ ብረት ተቆልፎ ያገኛል። ያን ጊዜ ድፍረቱ የለም፤ የሚሮጠው ብድር ፍለጋ ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ይሰዳደባሉ። አንዱ ሌላውን ፈሪ ይለዋል፣ ያኛው ደግሞ ግዴለሽ። እኔ ግን አንድ ናቸው እላለሁ። ሁለቱም ለወረቀቷ መልስ መስጠት እንደሚቻል አያምኑም። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ዝም አለ። ዝምታው ያው ነው፤ ሒሳቡም የሚመጣው ለዝምታው ነው።

እስቲ ወረቀቷን እንያት። ፊቷ ላይ ታርጋችሁ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና ጥፋት ተባለው ነገር ተጽፏል። ይህ ክስ ነው፤ ገና ፍርድ አልተሰጠም። ከተማው የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ አጥፍቻለሁ ትላላችሁ ወይስ አላጠፋሁም? ለዚህ የተሰጣችሁ ጊዜ 30 ቀን ነው። የሥራ ቀን አይደለም፤ ቅዳሜም እሑድም ፋሲካም ይቆጠራል።

በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሳችሁ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። 60 ቀን ካለፈ ደግሞ እንዳመናችሁ ተቆጥሮ ይዘጋል፤ መከራከሪያው በር ማለት ይቻላል ተቆለፈ። 60 ቀን ያለፋቸው ሁለት ያልተከፈሉ ቲኬቶች ካሏችሁ መኪናችሁ ለቡት ብቁ ነው። የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ታርጋ አያድናችሁም፤ መኪናው ዲሲ መንገድ ላይ ቆሞ እስከተገኘ ድረስ ይታሰራል።

በቁጥር ላስቀምጠው። ጠዋት ወይም ማታ በራሽ አወር መቆም በተከለከለበት መንገድ ላይ ብትቆሙ ቅጣቱ 100 ዶላር ነው። ሁለት ጊዜ ተቀጣችሁ እንበል፣ 200። ሁለቱንም ዳሽቦርዱ ውስጥ ቀበራችኋቸው፣ 400። ከዚያ ቡቱ መጣ፣ የማስፈቻ ክፍያ ተጨመረ። ተጎትቶ ከሄደ የመጎተቻና የማቆያ ክፍያ ተጨመረ። መኪናው እንጀራው ለሆነ ሰው ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ሥራ የፈታባቸው ቀናት አሉ፤ እነሱን ማንም በወረቀት ላይ አይጽፍለትም። ጥፋቱ 200 ዶላር ነበር፤ የተቀረው በሙሉ የዝምታ ዋጋ ነው።

«እሺ፣ እኔ ደባቂ አይደለሁም፣ በጊዜ ነው የምከፍለው» የምትሉ፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

ካጠፋችሁ በጊዜ መክፈላችሁ ጨዋነት ነው፤ ምንም አልልም። እኔ የምቃወመው ሳያጠፉ መክፈልን ነው። ስትከፍሉ «አጥፍቻለሁ» ብላችሁ እየፈረማችሁ ነው። ከከፈላችሁ በኋላ «ግን እኮ ምልክቱ አይታይም ነበር» ማለት አይሠራም። ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ያመናችሁትም እናንተ ናችሁ።

ነገሩ ደግሞ በእናንተ ኪስ ብቻ አያበቃም። አንድ ምልክት በዛፍ ቅርንጫፍ ተሸፍኗል እንበል። ዛሬ እናንተን ያዘ፣ ከፈላችሁ። ነገ ሌላውን ይይዛል፣ እሱም ይከፍላል። አሥር ሰው ዝም ብሎ ሲከፍል በመዝገቡ ላይ የሚታየው አሥር ጥፋተኛ ነው፤ ቅርንጫፉ መዝገብ ላይ የለም። ምልክቱ እንደማይታይ ከተማው የሚያውቀው አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ «ይኸው» ሲለው ነው። ስለዚህ ሰላሜን ገዛሁ ስትሉ ከእናንተ ኋላ የሚያቆመውን ሰው ሰላም እየሸጣችሁ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ሥራው። ምን ብላችሁ ነው የምትከራከሩት?

የማይሠሩትን ላስቀድም። «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የቆምኩት»፣ «የተሳፋሪ ሻንጣ ላወርድ ነው»፣ «አላወቅኩም»፣ «የልጆች አባት ነኝ፣ ተቸግሬያለሁ»። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔንም ሆዴን ይበላኛል። ግን መከላከያ አይደለም። እኛ ደግሞ ስንከራከር ልመና ይቀናናል። ደብዳቤው «በእግዚአብሔር ስም» ተብሎ ይጀመርና ስለ ምልክቱ አንድ ቃል ሳይነሣ ያልቃል። ጉዳዩን የሚመረምረው ሰው የሚያየው ማስረጃ ነው፤ ምሕረት ማድረግ ሥራው አይደለም።

የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ምልክቱ የለም፣ ወይም ተሸፍኗል። ሚተሩ ያለ እናንተ ጥፋት ተበላሽቷል። መኪናው ተሰርቆ ነበር። መኪናው በድንገት ተበላሽቶ ከቦታው መንቀሳቀስ አልቻለም። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ከእውነታው ጋር አይገጥምም፤ ለምሳሌ የተጻፈው መንገድ እናንተ ያላቆማችሁበት ነው፣ ወይም ክልከላው የማይሠራበት ሰዓት ነው።

ማስረጃውን ያኔውኑ እዚያው ሰብስቡ፦

1. ከመኪናው ሳትርቁ ፎቶ አንሱ። መኪናውና ምልክቱ በአንድ ፎቶ ላይ ይታዩ። ከዚያ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንሱ። ምልክት የለም የሚል ሰው መንገዱን በሙሉ ማሳየት አለበት።

2. ሚተሩ ከተበላሸ ወደ 311 ደውላችሁ አስመዝግቡ፣ የተሰጣችሁን ቁጥር ያዙ። ቁጥሩ ከመሐላ ይበልጣል።

3. በስልክ ከከፈላችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ የዞን ቁጥሩንና ታርጋውን በትክክል ማስገባታችሁንም እዩ።

4. መኪናው ከተበላሸ የጋራዡን ወይም የጎታቹን ደረሰኝ ያዙ። መኪናው ከተሰረቀ የፖሊስ ሪፖርቱን አያይዙ።

ደብዳቤው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መንገድ ላይ አቁሜ ነበር። እዚያ ያለው ምልክት በዛፍ ቅርንጫፍ ተሸፍኗል፤ አንደኛው ፎቶ ከመኪናዬ አጠገብ፣ ሁለተኛው ከመንገዱ ጫፍ የተነሣ ነው። ስለዚህ ቲኬቱ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።» በቃ። በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ይላካል።

«ቲቸር፣ እንግሊዝኛዬ አያደርስም» ያልከኝ ልጅ፣ ይህች አንቀጽ ያንተ ናት። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛ በዚያ ከተማ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስፈላጊ የሚባሉ ወረቀቶች በአማርኛ ይተረጎማሉ። ይህ ችሮታ አይደለም፤ ሕግ ነው። አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ። የማይጠየቅ መብት እንደማይቀመስ ድግስ ነው፤ ተደግሶልን ደጅ ቆመን እየራበን ነው።

ሌላው ፍርሃት ስለ ወረቀት ነው። «ብከራከር መዝገቤ ይበላሻል፣ መንጃ ፈቃዴ ነጥብ ይቆረጥበታል» ትላላችሁ። የፓርኪንግ ቲኬት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ወንጀል አይደለም። መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስይዝም። መከራከር ደግሞ ወረቀቷ ራሷ ከሰጠቻችሁ ሁለት ምርጫዎች አንዱ ነው። በተፈቀደው መንገድ የሄደ ሰው ምን አጠፋ?

«ጊዜዬ ገንዘብ ነው» የሚለውን ሙግት አከብረዋለሁ። ለ45 ዶላር የመንገድ ጠረጋ ቲኬት ግማሽ ቀን ሥራ መፍታት ኪሳራ ነው፤ ልክ ናችሁ። ግን ሦስት ዓረፍተ ነገርና ሁለት ፎቶ ግማሽ ቀን አይወስድም። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኤርፖርት መጠበቂያው ላይ ቲክቶክ የምታዩበት ጊዜ ይበቃል። ብትሸነፉስ? በጊዜው መልስ ሰጥታችሁ ከሆነ የምትከፍሉት ያንኑ የመጀመሪያውን ቅጣት ነው፣ እጥፉን አይደለም። ውሳኔው ሲመጣ ግን እንዳትተኙበት።

አሁን ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሰው አለ፤ እሱን ሳልነካ ባልፍ ይህን ጽሑፍ እንደ ድጋፍ ይቆጥረዋል። ሁሉንም ቲኬት ይከራከራል። የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ፊት አቁሞ «አላየሁም» ይላል። የሌላ ቀን ፎቶ ያያይዛል። የአሮጊት አክስቱን የአካል ጉዳተኛ ካርድ ሰቅሎ ጭፈራ ቤት ደጃፍ ያድራል።

ወንድሜ፣ አንተን የያዘህ ሕግ ልክ ነው። ውሃ መቅጃው የተተከለው ቤት ሲቃጠል ነው። የአካል ጉዳተኛው ቦታ የተሰጠው በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ነው። የብስክሌቱ መንገድ ላይ ስትቆም ብስክሌተኛው ወደ መኪናዎቹ መሀል ይገባል። ክፈል፣ ተማር። ውሸትህ ለራስህ እንኳን አይጠቅምም፤ እውነት ይዞ የሚመጣውን ሰውም ያስጠረጥርብናል።

ንጉሥ አይከሰስም ላላችሁ ግን ሁለት ነገር ላስታውስ።

ሚሺጋን ውስጥ ሳጊኖ የምትባል ከተማ አለች። ፓርኪንግ የሚቆጣጠሩት ሠራተኞች መኪና ስንት ሰዓት እንደቆመ ለማወቅ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉ ነበር። አሊሰን ቴይለር የምትባል ሴት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚህ መንገድ 15 ቲኬት ደረሳት። ቅጣቱ ከ15 ዶላር የሚጀምር ነበር። ከተማዋን ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2019 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጠመኔዋ በሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ መሠረት ፍተሻ ናት አለ፤ ከተማዋም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማድረጓን የሚደግፍ በቂ ምክንያት አላቀረበችም ብሎ ወሰነ። እውነቱን ሙሉ ልንገራችሁ፤ በ2022 ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በሳንዲያጎ ጉዳይ ላይ ተቃራኒውን ወስኗል። ቢሆንም አንዲት ሴት በጠመኔ ምልክት ከተማ ከሳ ሕገ መንግሥት አስመርምራለች።

ሁለተኛው እዚሁ ዲሲ ነው። ለከተማው ከ100 ዶላር በላይ ዕዳ ያለበት ሰው መንጃ ፈቃዱን ማደስ አይችልም ነበር፤ የፓርኪንግ ቲኬት ዕዳም ይቆጠራል። ለመሥራት መንዳት አለብህ፣ ለመንዳት ዕዳህን መክፈል አለብህ፣ ዕዳህን ለመክፈል መሥራት አለብህ። ስንቱን ወገናችንን ያዞረች አዙሪት ናት! ሾፌሮች ከሰሱ። በ2022 መጨረሻ የፌዴራል ዳኛ ሰዎቹ ሳይሰሙ ፈቃድ መከልከሉን አሳገዱ፤ የከተማው ምክር ቤትም ሕጉን ቀየረ። ዛሬ መንጃ ፈቃዳችሁን ያለዚያ ጣጣ የምታድሱት ዝም ያላሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ቡቱና መጎተቱ ግን አሁንም እንዳለ ነው፤ እንዳትዘናጉ።

የነገርኳችሁ የዲሲን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያገኛችሁት ቲኬት የራሱ ሥርዓትና የራሱ ቀን አለው። ደንብም ይለወጣል። ስለዚህ ከእኔ ጽሑፍ በፊት የወረቀቷን ጀርባ አንብቡ።

ቤታችሁ ውስጥ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚጠጡ ልጆች ያላችሁ አስቀምጧቸውና ደብዳቤውን ያጻፉ። እናንተ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ታክሲ የሚነዳ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ከመኪናው ዳሽቦርድ ወረቀቶቹን አውጡና ቀናቸውን እዩ። 30 ቀን ያልሞላቸውን ለይታችሁ አንድ በአንድ «ይህችን አጥፍተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ ይክፈል። አይ ካለ ፎቶውን ይዛችሁ ጻፉለት።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉት። የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ እንነጋገር፤ ስድብ ግን አልመልስም።

ቸር ዋሉ።