ሶብር ዝምታ አይደለም

ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ በዚህ ወር ስለማይታይ ቁስል ልናወጋችሁ ወደናል።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢያቸው በተነሳው ግጭት ብዙ ሕይወት ጠፍቷል፤ አጣዬም ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በጥር 2015 የይፋት ቆላ እንደገና ታመሰ። ቤት ሲቃጠል ጭሱ ከሩቅ ይታያል፤ ልብ ሲቃጠል ግን ጭስ የለውም። ሌሊት እየባነነ የሚጮህ ልጅ፣ የበር ኳኳታ የሚያስበረግጋት እናት፣ ማሾው ማሳ ዳር ተቀምጦ ሥራው ሳይታየው የሚውል አባት ሁሉም ቁስለኞች ናቸው።

እንዲህ ላለው ሰው ብዙዎቻችን «ሶብር አድርግ» እንለዋለን። ቃሉ ትክክል ነው። አባባላችን ግን ብዙ ጊዜ «ዝም በል» ሆኖ ይሰማል። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፤ ስሞታቸውን ግን ለአላህ አቀረቡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል። የተከለከለው ፊት መቧጨር፣ ልብስ መቅደድና በአላህ ውሳኔ ማማረር እንጂ እንባ አይደለም። እንግዲያው ሶብር ሐዘንን መቅበር ሳይሆን በመልካም መንገድ መምራት ነው።

ከመልካም መንገዶቹ አንዱ አላህ በሰጠን እጅና አንደበት አንድ ነገር መፍጠር ነው። ይህ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። የአርጎባ ሸማኔ፣ ስፌት የምትሰፋ የይፋት እናት፣ ጭንቁን በመንዙማ ለጌታው የሚያቀርብ ደረሳ ይህን ያውቁታል። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በተገደደበት ዘመን ግዳጁን የተቃወሙት ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር በአረብኛ ፊደል የአማርኛ ግጥም ጽፈዋል።

የዘመኑ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። እንደጻፉ ወዲያውኑ ሐዘናቸው ጨመረ። በቀጣዮቹ ወራት ግን የሆነውንና የተሰማቸውን አጣምረው የጻፉት ወደ ሐኪም የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነው። ቁስል ሲታጠብ መጀመሪያ ያማል፤ ኋላ ይሽራል።

ወጣቶች ሆይ! እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁስል የሚያሽር ግጥም እንዳለ ሁሉ የሚያመረቅዝም አለ። ኸንሳእ የተባለችው ባለቅኔ በጃሂሊያ ዘመን ወንድሞቿ ሲገደሉ የቋጠረችው ግጥም ጎሳዋን ለበቀል ያነሳሳ ነበር። ከሰለመች በኋላ ግን ልጆቿ በቃዲሲያ ሲወድቁ አላህን እንዳመሰገነች ይነገራል። አንደበቷ ያው ነው፤ መንገዱ ተለወጠ። አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው በአንድ ገበያ በሚገናኝበት በይፋት፣ ሟችን የምናስብበት ግጥም የጎረቤትን ልጅ ለሞት የሚያጭ ከሆነ ሐዘናችን ሌላ ሐዘን ወለደ ማለት ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ንያችሁን ጠይቁ፤ ከጻፋችሁም በኋላ «ይህን የዚያኛው ሰፈር እናት ብትሰማው ምን ይሰማታል?» በሉ።

ወላጆችስ ምን እናድርግ? ሕፃኑን «ምን አየህ?» እያልን አናስጨንቀው። ወረቀትና እርሳስ፣ ካልተገኘም ጭቃ እንስጠው፤ ቤቱን፣ ዛፉን፣ የሮቢን ወንዝ ይሥራ። ጨዋታውን ለመከልከል አንቸኩል፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም። ሥራውን ሲያሳየን ሳንነቅፍና ሳናርም እንስማው። እናቶች ስፌታቸውን ይዘው አብረው ይቀመጡ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ቀስ ብሎ ይፈታል። መናገር ያልፈለገችውን ግን ማንም አያስገድዳት።

ይህ ሁሉ ሕክምናን አይተካም። እንቅልፍ የራቀው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሞቱን የሚመኝ ሰው ካለ ሳንዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። መድኃኒት መፈለግ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት እንጂ የኢማን ጉድለት አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ከእንግዲህ ለሐዘንተኛ «ሶብር አድርግ» ስንል አብረን እንቀመጥ፤ እስኪናገር፣ እስኪጽፍ ወይም እስኪሰፋ እንጠብቀው። አላህ የሞቱትን ይማርልን፤ የቀሩትንም ልብ ይጠግንልን። ኣሚን።