«መጀመሪያ ጀነራሉን ጨርስ» የሚለው ምክርና የተሳሳተው ሒሳብ

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚሰጠው የሊበራል አርትስ አሶሼት ዲግሪ 60 ያህል ክሬዲት የሚጠይቅ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ታሪክ፣ ሥነ ልቦና፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሒሳብ፣ ቤተ ሙከራ ያለው አንድ ሁለት የሳይንስ ኮርስ ይወሰዳል፤ የቀረውን ተማሪው ይመርጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ስለሆነ ግማሹን በርካሽ ኮሌጅ፣ ግማሹን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጨረስ ይቻላል ይባላል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪዎች ይህንን ይመክራሉ፤ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አዲስ ለመጣ ወጣት ዘመድ ወዳጁ የሚነግረው ይህንኑ ነው፦ «መጀመሪያ ጀነራሉን ጨርስ፣ ሜጀሩ በኋላ ይደርሳል።» ጀነራሉ ጠቅላላ ትምህርቱ፣ ሜጀሩ ዋናው የትምህርት ዘርፍ መሆኑ ነው። ምክሩ በቅን ልብ የሚሰጥ ነው፤ ሒሳቡ ግን የተሳሳተ ነው።

መንገዱ ከመነሻው ለማሻገር ብቻ የተሠራ አልነበረም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የተቋማቸውን ትምህርት የታችኛውና የላይኛው ብለው ከፈሉት፤ የታችኛውን ሁለት ዓመት ለጨረሰም የአሶሼት ማዕረግ ይሰጥ ጀመር። ከእርሳቸው ሐሳብ በመነሣትም እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ የጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ተከፈተ። ሃርፐር ዩኒቨርሲቲው ለላቀ ትምህርትና ለምርምር እንዲተርፍ፣ መቀጠል የማይችል ወይም የማይሻ ተማሪም በሁለት ዓመቱ ያለ ኀፍረት እንዲሰናበት ይፈልጉ ነበር። በ1960 ደግሞ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ በርተን ክላርክ እነዚህ ኮሌጆች ትልቅ ተስፋ ይዞ የመጣውን ተማሪ ሳያባርሩት፣ በፈተናና በምክር ቀስ በቀስ ተስፋውን እንዲያሳንስ እንደሚያደርጉት አሳየ። ዛሬም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት 80 በመቶ ያህሉ የመጀመሪያ ዲግሪ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ፤ ወደ አራት ዓመት ተቋም የሚዛወሩት ግን ሲሶ ያህሉ ናቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ዲግሪውን የሚይዙት ከመቶ ወደ 16 ብቻ ይሆናሉ።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ዝውውሩ ብቻ አይደለም። ሥራ እየሠራ፣ ልጅ እያሳደገ የሚማር ብዙ ነው። ይሁንና መሻገር የቻለውም ቢሆን የከፈለበትን ሁሉ ይዞ አይሻገርም። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ተቋም የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ይህ አማካይ ለትርፍ ከተቋቋሙ ኮሌጆች የሚወጡትንም ይጨምራል፤ ከሕዝብ ኮሌጅ ወደ ሕዝብ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱት የሚያጡት ያንሳል።

ከጠፋው ክሬዲት ይልቅ አታላዩ «ተቀባይነት አገኘ» የተባለው ነው። ኢንጂነሪንግ ሊማር ያሰበ ተማሪ በአማካሪው ቃል ጀነራሉን ጨርሶ፣ 60 ክሬዲት የሞላበት ትራንስክሪፕት ይዞ ዩኒቨርሲቲ ገባ እንበል። ሬጅስትራሩ ሁሉንም ይቀበለዋል። ዲፓርትመንቱ ግን ሥነ ልቦናውንና ሶሲዮሎጂውን ለጠቅላላ ትምህርት ይቆጥርለታል፤ ኮሌጅ አልጀብራውን ለዲግሪው ወደማይጠቅም ኤሌክቲቭ ይወረውረዋል። እዚያ አንደኛ ዓመት ላይ የሚጀመረው ካልኩለስ አንድ ነው። እርሱን ሳያልፍ ካልኩለስ ሁለት፣ ሁለትን ሳያልፍ ሦስት አይገባም፤ ፊዚክሱም ካልኩለሱን ይጠብቃል፤ የሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ኮርሶች ደግሞ ሁለቱንም። ስለዚህ በወረቀት ሦስተኛ ዓመት የሆነው ተማሪ በሥራው ጀማሪ ነው፤ የቀረው ጊዜም ሁለት ዓመት ሳይሆን ሦስት ወይም አራት ነው። ለነርሲንግ፣ ለኮምፒውተር ሳይንስና ለኬሚስትሪም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

የባከነውን ጊዜ ዋጋ የሚከፍለው ድሀው ነው። የፌዴራሉ የፔል ግራንት እርዳታ በዕድሜ ልክ ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር በላይ አይሰጥም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ስደተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለዲግሪ በማይቆጠሩ የቋንቋና የማሟያ ኮርሶች ይጀምራል፤ በፔል ከከፈለባቸው እነርሱም ከ12ቱ ላይ ይቀነሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ካልኩለስ አንድን ሲጀምር ከእርዳታው ብዙው አልቆ ሊሆን ይችላል። በርካሹ ኮሌጅ ተረፈ የተባለው ገንዘብ በውዱ ዩኒቨርሲቲ በብድር ይከፈላል።

ስለ «ሊበራል አርትስ» ስሙም አንድ ነገር ሊባል ይገባል። ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ ቋንቋና ሒሳብ በጥልቀት የሚመረመሩበት ሊበራል አርትስ ክቡር ትምህርት ነው። በብዙ ኮሌጆች በዚህ ስም የሚጠራው ግን ሜጀር ያልመረጠ ተማሪ የሚመዘገብበት ማቆያ ነው፤ መግቢያ ኮርስ በመግቢያ ኮርስ ላይ ይደረደርበታል፣ አንዱም ተከትሎት የሚመጣውን ጥልቅ ኮርስ አያገኝም። በዚያው ኮሌጅ የሁለት ዓመት ነርሲንግ የጨረሰች ተማሪ ለነርስነት ፈቃድ ፈተና ትቀመጣለች። በሊበራል አርትስ ተመርቆ ያልተዛወረው ግን በስሙ የሚጠይቀው ቀጣሪ የሌለ ወረቀት ይዞ ይቀራል።

የምክሩ ደጋፊዎች ፍሎሪዳንና ካሊፎርኒያን ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም ግን የሚመሰክሩት በምክሩ ላይ ነው። ፍሎሪዳ ለሕዝብ ኮሌጆቿና ዩኒቨርሲቲዎቿ አንድ የጋራ የኮርስ ቁጥር ስላበጀች ኮርሱ በሄደበት ይታወቃል። ካሊፎርኒያ በ2010 ባወጣችው ሕግ በትምህርት ዘርፍ የተለየ የዝውውር ዲግሪ አቋቁማለች፤ ይህንን የያዘ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አለው፣ በተመሳሳይ ዘርፍ ከቀጠለም ከ60 ተጨማሪ ክሬዲት በላይ አይጠየቅም። ሆኖም ዋስትናው ለሥርዓቱ እንጂ ለሚፈልገው ካምፓስ አይደለም። ከሁሉም በላይ ዲግሪው የሚሠራው ተማሪው ዘርፉን ከመጀመሪያው ስለሚመርጥ ነው፤ «ሜጀሩ በኋላ» ያለ ሰው አይጠቀምበትም። በቨርጂኒያም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 በጀመሩት የጋራ መርሐ ግብር ተማሪው ገና ኮሌጅ ሳለ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያደርሰውን የኮርስ መስመር ይዞ ይማራል።

ስለዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መግባት ጥፋት አይደለም፤ መድረሻ ሳይታወቅ መግባት ነው ጥፋቱ። መጀመሪያ የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲውና ዲፓርትመንቱ ነው፤ ከዚያ የዲፓርትመንቱ የአራት ዓመት ዝርዝር ይወሰድና ኮሌጁ ውስጥ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ አንድ በአንድ ይጠየቃል፤ መልሱም በጽሑፍ ይያዛል። ያልወሰነ ተማሪ እንኳ ካልኩለሱንና የሳይንስ ሰንሰለቱን ቢያስቀድም በሮቹ አይዘጉበትም። ይህ ሁሉ ሸክም ግን በ18 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም። ዩኒቨርሲቲዎች የትኛው ክሬዲት ለየትኛው ሜጀር እንደሚቆጠር የሚያሳውቁት ብዙ ጊዜ ተማሪው ከገባ በኋላ ነው፤ ውሳኔውን ከማመልከቻው በፊት፣ ኮርስ በኮርስ እንዲያወጡ በሕግ ሊገደዱ ይገባል። ኮሌጆችም ተማሪውን በሊበራል አርትስ ከመመዝገባቸው በፊት ወዴት ሊዛወር እንዳሰበ መጠየቅና ኮርሶቹ እዚያ ምን እንደሚሆኑ ማሳየት አለባቸው።