የኪራይ ተረት

ማንጎው በስሎ ከየቅርንጫፉ በሚረግፍበት ወቅት፣ አሶሳ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ተሰብስበን ቡና እንጠጣ ነበር። ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ የልጅነት ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ አንድ ግዙፍ አዳራሽ አሳየን፤ ጣሪያው ሰማይ ያህላል፣ በሆዱ ውስጥ ባቡር ሽቅብ ቁልቁል ይምዘገዘጋል፣ ፀሐይም ዝናብም አይገባውም። አየን፤ ተደነቅንም። ወዳጄ ስልኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ አንድ ነገር ጣል አደረገ። «አሶሳ እኮ ሰው መጥቶ የሚያየው ነገር የላትም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራላት ነው ከተማ የምትባለው።»

አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ፍንጃላቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ የሚታየው ተረት የማን ነው?» አሉት። ወዳጄ ሳቀ እንጂ አልመለሰም። እነሆ ያ ያልተመለሰ ጥያቄ ይህን ጽሑፍ አስጻፈኝ።

ነገሩ የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት። ነገር ግን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በክልላችን፣ በጉባ ምድር፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ንጋት የተባለ ሐይቅ ተኝቷል። ሐይቅ ካለ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ከመጣ ሆቴል ይሠራል፤ ሆቴሉን መናፈሻ ይከተለዋል። መናፈሻውንም «እንደ ዱባይ» የምትል ቃል ትከተለዋለች። የምሟገተው ከዚህች ቃል ጋር ነው። መዝናኛ አይሠራ አላልኩም፤ ይሠራ። ጥያቄዬ ምን ዓይነት ይሠራ፣ ለማንስ ይሠራ የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ባሕር ማዶ ያሉትን አሮጌዎቹንና አዲሶቹን መዝናኛዎች ማስተያየት ይበጃል። (የውጭውን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይቁጠሩልኝ።)

ከአሮጌዎቹ እንጀምር። የቪየናው ፕራተር የነገሥታት የአደን ደን ነበር፤ ተራ ሰው አይረግጠውም። በ1766 ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ ደኑን ለሕዝብ ከፈቱት። ቡና አፍይዎችና ምግብ ሻጮች፣ ዥዋዥዌ ተካዮችና አሻንጉሊት አጫዋቾች ቀስ በቀስ ገቡበት። በ1897 ዛሬም የሚሽከረከረው ግዙፍ መዘውር ተተከለ። መዘውሩ በ1944፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ተቃጠለ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ከተማው ፍርስራሽ ሆኖ ሳለ በ1947 እንደገና ዞረ። ለየጨዋታው ይከፈላል እንጂ ወደ መናፈሻው ለመግባት ዛሬም የሚጠይቅ በር የለም።

የኮፐንሃገኑ ቲቮሊ በ1843 ተከፈተ። መሥራቹ ጌኦርግ ካርስተንሰን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ሕዝብ ሲዝናና ስለ ፖለቲካ አያስብም ብሎ ንጉሡን እንዳባበለ ይነገራል። አነሣሡ እንዲህ ተንኮል ያለበት ቢሆንም፣ ሕዝቡ ቦታውን የራሱ አደረገው። በ1944 የናዚ ወዳጅ የሆኑ ዴንማርካውያን መናፈሻውን በፈንጂ ባጋዩት ጊዜ ዒላማው ማን እንደ ነበር ለማንም ግልጽ ነበር። የከተማውን ልብ ለመስበር የፈለገ ሰው መናፈሻውን መታ። ቲቮሊ ግን በሳምንታት ውስጥ ዳግም ተከፈተ።

አሁን ወደ አዲሶቹ እንሻገር። ዋልት ዲዝኒ ቲቮሊን ጎብኝቶ ንጽሕናውንና ድምቀቱን አድንቆ ነበር። በሐምሌ 1955 ግን በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይም፣ የከፈተው ቦታ ሌላ ፍጥረት ነው። ግቢውን ዙሪያውን በአፈር ክምር አስከበበው፤ ክምሩ ጎርፍ ለመከላከል አልነበረም። ውስጥ ያለው ሰው ውጭ ያለውን ከተማ እንዳያይ ነው። የሁለቱን ዘመናት ልዩነት ከዚህ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። የቪየናው መዘውር ከፍ አድርጎ አውጥቶ የገዛ ከተማህን ያሳይሃል። የአናሃይሙ ክምር የገዛ ከተማህን ይጋርድብሃል። አንደኛው «እነሆ የምትኖርበት» ይልሃል፤ ሁለተኛው «የምትኖርበትን እርሳ» ይልሃል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የዚህ ዘር ነው። ዲዝኒ በ1983 ቶኪዮ፣ በ1992 ፓሪስ አጠገብ፣ በ2016 ሻንጋይ ገባ፤ በግንቦት 2025 ደግሞ አቡዳቢ ውስጥ ሊሠራ እንደ ሆነ አስታወቀ። አቡዳቢ ከ2010 ጀምሮ በአንድ የኢጣሊያ መኪና ስም የተሠራ ባለ ጣሪያ መዝናኛ አላት። ይህን ሁሉ ስመለከት፣ ቦታው የትም ቢሆን ተረቱ አንድ ነው፤ ባለቤቱም ከአገሬው ልጅ አንዱ አይደለም። አገሬው መሬቱን፣ ገንዘቡንና ልጁን ያቀርባል፤ ተረቱን ግን ይከራያል። ኪራዩም ቀላል አይደለም። በፍሎሪዳው የዲዝኒ መናፈሻ የአንድ ቀን የአንድ ሰው መግቢያ ከ2015 ጀምሮ ከ100 ዶላር አልፏል።

«ኪራይ ከሆነ ምናለበት? እኛ ርካሹን ቅጂ እንሠራለን» የሚል አይጠፋም። ለእርሱ የጃፓኗን ናራ ልንገረው። ናራ በስምንተኛው መቶ ዓመት የጃፓን ዋና ከተማ የነበረች፣ ታላቁ የነሐስ ቡድሃ የተቀመጠባት፣ አጋዘን በየመንገዷ የሚዘዋወርባት ጥንታዊ ከተማ ናት። በ1961 የካሊፎርኒያውን ግንብና ጎዳና አስመስሎ የሠራ መዝናኛ ተከፈተባት። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሰው ጎረፈበት። ዋናው ዲዝኒ ቶኪዮ ሲገባ፣ በ2001ም ሌላ የሆሊውድ መዝናኛ በአጎራባቿ ኦሳካ ሲከፈት፣ ቅጂውን የሚፈልግ ታጣ። በ2006 ተዘጋ፤ ለዓመታት ዝገትና ሐረግ ወረሰው፤ በ2017 ፍርስራሹ ተጠርጎ አበቃ። አጋዘኖቹና ቡድሃው ግን አሁንም ሰው ይጠሩላታል። ቅጂ የሚኖረው ዋናው እስኪመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይጠብቁኛል፤ ሁለቱም ሊሰሙ ይገባል።

አንደኛው፣ «አሮጌዎቹን አታሞግስ፤ እነርሱም ነውር ነበረባቸው» ይላል። እውነት ነው፤ ነውሩም እኛን የሚነካ ነው። ሃምቡርጋዊው የአራዊት ነጋዴ ካርል ሐገንቤክ በ1870ዎቹ ከሱዳን ምድር ከአንበሳና ከቀጭኔ ጋር ሰዎችን ወስዶ «ኑቢያውያን» እያለ በአውሮፓ ከተሞች ለትኬት ገዥ አሳይቷል። በ1896 በዚያው በፕራተር አካባቢ በነበረ የአራዊት ማሳያ አንድ የአሻንቲ መንደር ተሠርቶ ሰዎች ከነጎጇቸው ለዕይታ ቀርበዋል፤ ገጣሚው ፒተር አልተንበርግ በማግሥቱ ዓመት ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። በአሜሪካም ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፉት ደብዳቤ፣ ለስድስት ዓመት ልጃቸው የመዝናኛው በር ለጥቁር ሕፃን ዝግ መሆኑን ማስረዳት ምን ያህል እንዳንቀጠቀጣቸው ተርከዋል። ስለዚህ አሮጌነት በራሱ ጽድቅ አይደለም። አዲስነትም በራሱ ኃጢአት አይደለም። የኔዘርላንዱ ኤፍቴሊንግ በ1952፣ ከዲዝኒ መናፈሻ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ ጫካ ውስጥ ጥቂት ተረቶችን በሠዓሊ እጅ አስቀርጾ ጀመረ። እስከ ዛሬ አለ። የሚለያቸው ዕድሜ አይደለም፤ የሽማግሌው ጥያቄ ነው። ተረቱ የማን ነው? ተረት ነጋሪውስ ሰው ነው ወይስ ዕቃ?

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «እሺ፣ የራሳችንን ባህል ይዘን እንሥራው» የሚል ነው። ይህ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም መልካም ይመስላል። ኢንዶኔዥያ በ1975 በጃካርታ የሁሉንም ክፍለ ሀገሮቿን ቤቶች በአንድ ግቢ የሰበሰበ ታላቅ መናፈሻ ከፈተች። ሐሳቡ ከፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ባለቤት የመነጨ ነበር፤ እርሳቸውም ዲዝኒላንድን አይተው ነበር። ተማሪዎች «አገሩ ድኻ ሆኖ ይህ ወጪ ለምን?» ብለው ተቃወሙ፤ መልሱ ዛቻ ሆነ። እዚያ ግቢ ውስጥ ክፍለ ሀገር ማለት ያማረ ጣሪያና ያጌጠ ልብስ ነው። የማይጮኽ፣ የማይራብ፣ የማይጠይቅ። እኛም በመስከረም 2012 ዓ.ም. በተከፈተው የአንድነት ፓርክ ውስጥ የክልሎች ማሳያዎች አሉን። አዲስ አበባ የሚኖር ሕፃን የሩቁን ወገኑን በዚያ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ለዋና ከተማ ዓይን የተዘጋጀ እልፍኝ አሶሳ ውስጥ ላለ ሕፃን መጫወቻ አይሆነውም። ያንኑ ዓይነት እልፍኝ ወደ አሶሳ አምጥተን የበርታን ሽማግሌ በጠዋቱ ፈረቃ ብናስቀምጠው፣ ከሐገንቤክ የሚለየን የትኬቱ ቀለም ብቻ ነው።

ዋዛን የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። የበርታ ዋዛ ቅሎችን በመቀጣጠል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት ብቻውን አንድ ድምፅ እንጂ ዜማ የለውም፤ ዜማ የሚወለደው ነፊዎቹ ተሰብስበው እያንዳንዱ በተራው የየራሱን ድምፅ ሲያዋጣ ነው። ከዚህ የበለጠ የመናፈሻ ንድፍ ከወዴት ይመጣል? ዋዛ ተመልካች የሚቀመጥለት ትርኢት አይደለም፤ ሰው እየተከተለ የሚጨፍርበት ነው። አጥር ስታስገባበት ነፊው ተቀጣሪ፣ ሕዝቡ ደንበኛ ይሆናል። ያን ጊዜ ድምፁ ቢቀጥልም ዋዛው ሞቷል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አሶሳ ማንጎና ቀርከሃ አላት። ቤንሻንጉል ጉሙዝ ቀርከሃ ከሞላላቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ብረትና ፕላስቲክ በባሕር አስጭነን ከማምጣታችን በፊት ያገሩን አናጢ እንጠይቀው። በር የሌለው ሰፊ ሜዳ ይከለል፤ ጥላ ይኑረው፤ ውሃ ይኑረው፤ ዥዋዥዌ ይኑረው። ወርቅ አጣቢዋም ተማሪውም ሳይከፍሉ ይግቡበት። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥቶ እዚሁ የወለደና የከበደ ሰው ሁሉ በበዓሉ ቀን የራሱን ጨዋታ በራሱ ፈቃድ ይጫወትበት፤ ባልፈለገ ቀን ደግሞ ቤቱ ይዋል። ከፍ ያለ ማማም ይሠራ፤ ወጥተን የምናየው ግን አሶሳን ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እርሱ ከሌለ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው። ይህ ክልል ቁስል አለበት። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የፈሰሰው ደም ገና ከልብ አልደረቀም። ሐይቁ ሲሞላ ከነባር የወንዝ ዳር ቀያቸው የተነሡ የጉሙዝ ቤተሰቦች አሉ፤ እኛ «ንጋት» ብለን የምንደሰትበት ውሃ የእነርሱን መቃብር ሥፍራና የዓሣ ማጥመጃ ውጧል። የተከራየ ተረት ይህን ሁሉ በአፈር ክምር ይጋርዳል፤ ሥራው መጋረድ ነውና። የራስ የሆነ መናፈሻ ግን ሳቅንም ለቅሶንም በአንድ ዛፍ ሥር ማስቀመጥ ይችላል። ቪየናውያን ፍርስራሽ መካከል መዘውራቸውን ሲያዞሩ ፍርስራሹ እየታያቸው ነበር።

ወዳጄ ዕረፍቱን ጨርሶ ተመልሷል። በሄደበት በዚያ በተጠለለው አዳራሽ አጠገብ በየቀኑ ያልፋል፤ ሠርቶ ለእናቱ ገንዘብ ይልካል፤ አገሩንም ይወዳል። ሐሳቡን ተቃወምኩ እንጂ እርሱን አልናቅሁም። ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ ግን ልጁን ከማንጎው ቅርንጫፍ በታሰረ ገመድ ዥዋዥዌ ሲገፋው አየሁት። ሕፃኑ ከፍ ባለ ቁጥር «ቤታችን ታየኝ! ቤታችን ታየኝ!» ይል ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበረ፤ አላወጣውም።