ሮምን ከአብሮ አደግ ጋር

ውጭ አገር የሚኖር ወዳጅ ለመጠየቅ ስንነሳ ሻንጣችን በበርበሬ፣ በሽሮና በቡና ይሞላል። ወዳጃችን ከሁሉ አብልጦ የናፈቀው ግን ጨዋታችንን ነው። ከዓመት ፈቃዱ ቀንሶ የተቀበለንን ሰው ከሱቅ ሱቅ ስናዞረው ከዋልን፣ የልባችንን ሳንጫወት የመመለሻችን ቀን ይደርሳል።

መንገዳችሁ ወደ ሮም ከሆነ አብራችሁ በእግር ተጓዙ። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ጣሊያናውያን መታሰቢያ ነው። ከኮሎሲየም አለፍ ብሎ፣ በፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ፣ ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ስፍራ ታገኛላችሁ። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል። የወዳጆቻችሁን ልጆችም አስከትሉ። ኮሎሲየምን ትምህርት ቤት ያስተምራቸዋል፤ ራስ አሉላን ግን ከእናንተ ይስሙ።

ወጪው አያስጨንቃችሁ። በየመንገዱ ካሉት ቧንቧዎች ንጹሕ ውኃ በነጻ ይጠጣል፤ ቡናም ባንኮኒው ጋ ቆመው ሲጠጡት ተቀምጠው ከሚጠጡት ይረክሳል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ የመንግሥት ሙዚየሞች መግቢያ አይከፈልባቸውም።

ማታ ወጡን እናንተ ሥሩ፤ ባለቤቶቹ አረፍ ይበሉ። ቡናው ሲፈላ፣ እናት ወይም አባት ሞቶባቸው ቀብር ሳይደርሱ የቀሩ ከሆነ ስለ ሟቹ አንሡላቸው። ብቻቸውን ያለቀሱትን ለቅሶ አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው ያገኙት ገና አሁን ይሆናል።