ፍንጭ አይተረጎምም

«አግድም 1፦ የሱዳን ዋና ከተማ። አግድም 7፦ የ‹መጣ› ተቃራኒ። ቁልቁል 3፦ የዱር አራዊት ንጉሥ።»

ውድ አንባቢ፣ በአማርኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች የመጨረሻ ገጾች ላይ ይህን የመሰለ የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ሳያዩ አልቀሩም። እኔም ከሃያ ዓመታት በላይ አይቻለሁ፤ ሞልቻለሁም። ሞልቼ ስጨርስ ግን አንድም ቀን «እሰይ!» ብዬ አላውቅም። ካርቱምን የማያውቅ ሰው ከዚህ ፍንጭ ተነሥቶ ካርቱም ሊደርስ አይችልም፤ የሚያውቃት ደግሞ ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ ደርሷል። ይህ የተማሪ ቤት ጥያቄና መልስ ነው እንጂ እንቆቅልሽ አይባልም።

ክርክሬ አጭር ነው። ሠንጠረዡን ከውጭ አመጣን፤ ፍንጩንም ተርጉመን አብረን አመጣን። ሠንጠረዥ ቢመጣ ነውር የለበትም። ፍንጭ ግን በየቋንቋው መወለድ አለበት። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ የአራተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ጥያቄ ሰጥቶ «በቃላት ተጫወት» ማለት አንባቢውን መናቅ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመጀመሪያው መስቀለኛ ቃላት በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ነው። ያዘጋጀው ከሊቨርፑል ወደ አሜሪካ የሄደው አርተር ዊን ሲሆን፣ ፍንጮቹም ከሞላ ጎደል የቃል ፍቺዎች ነበሩ፤ ከላይ እንደጠቀስኳቸው ዓይነት። ጨዋታው ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ግን ጠባዩ ተለወጠ። ኤድዋርድ ፖይስ ማዘርስ የተባለ ሰው «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ከ1926 ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1939 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ ፍንጮቹን በሙሉ ወደ ምሥጢር ለወጣቸው። ይህ ሰው «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ተርጓሚ ነበር። ተከታዩ ዴሪክ ማክናት፣ በብዕር ስሙ «ዚሜኔስ»፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ የጥበቡን ሕግ አደላደለው። ሕጉ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ የፍንጩ አንድ ወገን የመልሱን ፍቺ ይስጥ፤ ሌላው ወገን መልሱን ከራሱ ከቃሉ አካል ይገንባ፤ ሥራ ፈት ቃል አይኑርበት። አዘጋጁ ፈቺውን ሊያሳስተው ይችላል፤ ሊያጭበረብረው ግን አይፈቀድለትም።

እንግዲህ ለእንግሊዝኛውም ቢሆን ሠንጠረዡ ቀድሞ መጣ፤ ነፍሱ የተዘራበት ከዓመታት በኋላ ነው። እነሱ ከራሳቸው ቋንቋ ነፍስ ከዘሩበት፣ እኛን የከለከለን ማን ነው?

በምኖርባት በናይሮቢ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ገዝቼ መስቀለኛ ቃላቱን መሙላት የቆየ ልማዴ ነው። አንድ ቀን አጎቴ ሊጠይቁን መጥተው እርሳስ ይዤ ስብሰለሰል አዩኝ። አጎቴ በልጅነታቸው ጎጃም ወርደው ቅኔ የቆጠሩ ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅህ?» አሉኝ። በእንግሊዝኛ ፈቺዎች ዘንድ የታወቀውን አንድ የቆየ ፍንጭ ምሳሌ አድርጌ ነገርኳቸው፦ «ኤች፣ አይ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኦ» ይልና መልሱ «ውኃ» ነው። ፊደላቱ ከኤች እስከ ኦ ናቸው፤ ይህ በእንግሊዝኛ ሲነገር «ኤች ቱ ኦ» ይሆናል፤ «ኤች ቱ ኦ» ደግሞ በኬሚስትሪ የውኃ መጠሪያ ነው። አጎቴ ነገሩ ሲገባቸው ከት ብለው ሳቁ። «ሰሙ ፊደል፣ ወርቁ ውኃ! ታዲያ ይኼ የእኛ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ደስ ብሎኝ አንድ የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት አቀረብኩላቸው። «የዱር አራዊት ንጉሥ» የሚለውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼ ምኑ ይፈታል፣ ልጄ? መቼ ታሰረና!»

ከዚህ የተሻለ ትችት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ላነጋግር። አንደኞቹ «ፊደላችን ለዚህ ጨዋታ አይመችም» ይላሉ። እውነት ነው፣ በእንግሊዝኛ በአንዲት ሳጥን ሊገቡ የሚችሉት 26 ፊደላት ናቸው፤ የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ስለዚህ አግድሙንና ቁልቁሉን ማገናኘት ለአዘጋጁ ይከብዳል። ለፈቺው ግን በረከት ነው። አንዲት የተገኘች ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ጊዜ ትሰጠዋለችና ጥቂት መገናኛ ይበቃዋል። ጃፓኖች በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ቀለም እያስገቡ መስቀለኛ ቃላት ይሠራሉ፤ በጽሕፈታቸው አንሰው የሚጻፉትን ፊደላትም በሠንጠረዡ ውስጥ እንደ ትልቆቹ ይቆጥሯቸዋል። ደንብ አወጡ፤ ተጫወቱ። እኛ ሰበብ አወጣን።

ፊደላችን እንዲያውም ለምሥጢር የተፈጠረ ነው። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ አይታይምና አንድ ጽሕፈት ሁለት ቃል ይሸከማል። የቅኔ መምህራን ኅብር የሚሉትን ያስታውሷል። እኔ የጥበቡ ጀማሪ ነኝ፤ ቢሆንም አንድ ምሽት ተቀምጬ የሠራኋቸውን እነሆ፦

«ልብሴ ጠበበኝ» ላለ ሰው ስሙ ብቻ መልስ የሚሆን ባለሙያ (2 ፊደል)። መልሱ «ሰፊ» ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋው፣ ጠብቆ ሲነበብ የጠባብ ተቃራኒ።

ቢዋሽም ሱዳን ይደርሳል (3 ፊደል)። «ዓባይ»፤ ሲላላ ሐሰተኛ፣ ሲጠብቅ ወንዝ።

ሲያቀኑት ጨለማ ተገፈፈ፤ ሲገለብጡት ሆድ ባዶ ሆነ (2 ፊደል)። «በራ»፤ ከኋላ ሲነበብ «ራበ»።

የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ «ረከበ» ብሎ ጻፈ፤ ፊደሉ ተዛባና ባለጸጋ ሆነ (3 ፊደል)። «ከበረ»፤ ሦስቱ ፊደላት ቦታ ተለዋወጡ። ይህን የመሰለ ግምጃ ቤት የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከደረት ሥር ያለው የባንክ ትርፍ ጨመረና የደራሲ ሥራ ሆነ (5 ፊደል)። «ልብ» ሲደመር «ወለድ»።

ከእነዚህ አንዱንም ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አልችልም፤ ኑሮዬ ትርጉም ነውና ቃሌን ይመኑ። «ኤች ቱ ኦ»ንም ወደ አማርኛ መመለስ አልችልም። የሚሻገረው ሕጉ ብቻ ነው። ቃሉን እያንዳንዱ ቋንቋ ከጓዳው ያወጣዋል።

ሁለተኞቹ «ሞክሼ ፊደላቱስ? ‹ፀሐይ› በስንት ዓይነት ይጻፋል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የፊደላቱ ሳይሆን ደንብ የማያሳውቀው አዘጋጅ ነው። እኔ ራሴ አንድ መጽሔት ላይ አግድሙ «ፀ» ሲጠይቅ ቁልቁሉ «ጸ» ጠይቆኝ፣ አማርኛ የጠፋኝ መስሎኝ ግማሽ ቀን ተጨንቄያለሁ። አዘጋጁ «ሞክሼዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ወይም «የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ተከትለናል» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ አልታለልም ነበር። ደንቡ ከታወቀ ሞክሼዎቹም ጨዋታ ይሆናሉ። «ሌባም ፀሐይም ያደረጉት፣ ለጆሮ (3 ፊደል)» ቢባል፣ ሌባው ሰረቀ፣ ፀሐይም ሠረቀ፤ ጆሮ አንድ ይሰማል፣ ዓይን ሁለት ያያል።

ሦስተኞቹ ደግሞ በሁለት ወገን ይመጣሉ። አንደኛው «ቅኔ የምስጋና ቃል ነው፤ ለጋዜጣ መጫወቻ አይውረድ» ሲል፣ ሌላው «ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ለመጀመሪያው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ከሊቅነታቸው ይልቅ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው በቃል መጫወታቸውን ነው። ሰምና ወርቅም ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ ከአዝማሪ ቤት ከገባ ዘመን የለውም። ለሁለተኛው፣ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1924 ይህን ጨዋታ ከንቱ ብክነት ብሎ አውግዞት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የራሱን ማተም ጀመረ።

ስለ አንድ ጨዋታ ይህን ያህል መቆጣት ለምን አስፈለገ የሚለኝ ይኖራል። ምክንያቴ በየቤታችን አለ። እዚህ ናይሮቢ የሚያድጉ ልጆቻችንን ልብ ብለው ይስሟቸው። በእንግሊዝኛ ይቀልዳሉ፣ በስዋሂሊ ይቀላለዳሉ፤ በአማርኛ ይታዘዛሉ። «ብላ»፣ «ተነሥ»፣ «ሰላም በላቸው»። አማርኛ ለእነሱ የትእዛዝ ቋንቋ ሆኗል፤ ከትእዛዝ ደግሞ ልጅ ባደገ ቁጥር ይሸሻል። ሴት ልጄ የ«ዓባይ»ን ፍንጭ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትፈታው ያሰማችው ጩኸት ጎረቤት አስወጥቷል። ከዚያ ወዲህ «አባባ፣ ሌላ አለህ?» ትለኛለች። በአማርኛ ነው የምትጠይቀኝ።

ስለዚህ የአማርኛ ጋዜጣና መጽሔት አዘጋጆችን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ፍንጭን ከእንግሊዝኛ መገልበጥ ይቅር። የፊደል ደንባችሁን ከሠንጠረዡ በላይ ጻፉ። ከሃያ ፍንጮች አምስቱ እንኳ የታሰሩ ይሁኑ፤ በሚቀጥለው እትም ደግሞ መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚፈታም ግለጡ፤ አንባቢ የሚማረው ከዚያ ነውና። ቅኔ የተማሩ አዛውንት በየከተማው አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። አጎቴ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይበቃቸዋል።

ለእርስዎም፣ ውድ አንባቢ፣ አንድ ፍንጭ ልተውልዎ፦ በዓሉ ደረሰ ሲሉት አልደረሰም ይላል (2 ፊደል)። መልሱን አልነግርዎትም፤ የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት ዛሬ የት እንደ ደረሰ ለሚጠይቀኝ የምሰጠውም መልስ እሱው ነው።

ቸር ይግጠመን።